ከአደፍ እስከ ሱፐር፦ የወር አበባ ዕቃዎች ስያሜ ታሪክና የታምፖን ማሸጊያ አማርኛ

1. መነሻ

በአዲስ አበባ በአንዳንድ ትልልቅ መድኃኒት ቤቶችና ሱፐርማርኬቶች ታምፖን ይሸጣል። ማሸጊያው ላይ የሚነበበው ግን በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛ ወይም በሌላ የውጭ ቋንቋ ነው። በቤይሩት ወይም በዱባይ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር አማርኛ ተናጋሪም ይኸው ዕቃ ከአጠገቧ ሱቅ ሲሸጥ ታያለች፤ በቋንቋዋ የተጻፈ ቃል ግን አታገኝበትም። ዕቃውን በደኅንነት ለመጠቀም ሦስት ነገሮችን ማወቅ ግድ ይላል፦ ምን ያህል ፈሳሽ እንደሚመጥ፣ ለምን ያህል ጊዜ በውስጥ ሊቆይ እንደሚችል፣ ምን ዓይነት የሕመም ምልክት ሲታይ ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚያስፈልግ። ሦስቱም የሚተላለፉት በማሸጊያው ላይ በሚጻፉ ጥቂት ቃላት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ቃላት ከየት እንደመጡና ወደ አማርኛ ሲሻገሩ ምን እንደሚገጥማቸው በታሪክ ቅደም ተከተል ማሳየት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ብዙ ሴቶችን ለሕመም፣ አንዳንዶቹንም ለሞት የዳረገው አደጋ ከዕቃው አሠራር ጋር የስያሜም ጉድለት ነበረበት። ያ ጉድለት በእንግሊዝኛ ከዓመታት ክርክር በኋላ ታርሟል። በአማርኛ ግን ቃላቱ እንዳሉ ቢገለበጡ ጉድለቱ ተመልሶ ይመጣል፤ አንዳንድ አዲስ ወጥመድም ይጨመርበታል። ወጥመዶቹም ከፋርማሲ ባለሙያ ይልቅ ለቋንቋ ባለሙያ ቀድመው የሚታዩ ናቸው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የነገሩ ስሞች

ስለ ዕቃዎቹ ከመናገር በፊት ዕቃዎቹ የሚያገለግሉት ነገር በምን በምን እንደሚጠራ ማየት ይገባል። በግእዝ ስሙ ትክቶ ነው፤ ቃሉ እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ይኖራል። በአማርኛ ያሉት ስሞች ብዙ ሲሆኑ በትርጉም ምንጫቸው በአራት ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ምድብ የእድፍ ነው። አደፍ የሚለው ስም አደፈ ከሚለው ግስ ጋር አንድ ሥር አለው። ሁለተኛው የእርግማን ነው። መርገም የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ፣ በተለይም በኦሪት ዘሌዋውያን፣ በዚሁ ፍች ይገኛል። ቤተ እስራኤል ሴቶች በወር አበባቸው ጊዜ ከቤተሰብ ተለይተው ይቆዩባት የነበረችው ማረፊያም የመርገም ጎጆ ወይም የደም ጎጆ ትባል ነበር። ከ1984 እስከ 1985 እና በ1991 ከተካሄዱት ታላላቅ ፍልሰቶች በኋላ በእስራኤል የአፓርታማ ኑሮ ውስጥ ለጎጆዋ ቦታ አልተገኘም። ሦስተኛው ምድብ የልማድና የግዴታ ነው፦ ልማድ፣ ግዳጅ። አራተኛው ዛሬ ሁሉን የዋጠው የወር አበባ ነው።

እነዚህ ምድቦች የአማርኛ ብቻ አይደሉም። የሶማሊኛው ዓዶ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መሠረታዊ ፍቹ «ልማድ» ነው፤ ከአማርኛው ልማድ ጋር በአንድ የትርጉም መንገድ ተጉዟል። በኦሮምኛ ለጉ የሚለው ቃል ከመከልከልና ከመታቀብ ጋር የተያያዘ ነው። ኪስዋሂሊ ከዐረብኛ የተዋሰው ሄዲ የሚል ቃል አለው፤ ከዚያ ጎን ለጎን ደግሞ ምዌዚኒ፣ ማለትም «በወር ውስጥ» ወይም «በጨረቃ ውስጥ» ብሎ በዘወርዋራ ይናገራል። በትግርኛ ወርሓዊ ጽግያት የሚባለው ከግእዙ ጸገየ፣ «አበበ» ከሚለው ግስ ጋር የሚዛመድ ነው፤ ስለዚህ የአማርኛውና የትግርኛው ስሞች በተለያየ ሥር አንድ ምስል ይዘዋል። ከፍሬ በፊት አበባ እንደሚቀድም ሁሉ ከመውለድ በፊት ይህ እንደሚቀድም የሚያስቡ ሰዎች የሰጡት ስም ይመስላል።

ከዚህ ዝርዝር ለቀጣዩ ክፍል የሚያስፈልገን አንድ ነጥብ ነው። በአራቱም ምድቦች ውስጥ ነገሩን ራሱን የሚጠራ ስም ብርቅ ነው፤ ስሞቹ የሚጠሩት በአጠገቡ ያለውን፣ ማለትም እድፉን፣ ሕጉን፣ ጊዜውን ወይም ተስፋውን ነው። ለዕቃዎቹ ስም ማውጣት ሲያስፈልግም ይኸው ልማድ ቀጠለ። በመሥሪያ ቤት አማርኛ የንጽሕና መጠበቂያ ይባላሉ። ስሙ ዕቃው ምን እንደሚሠራ አይናገርም፤ ደም ይቀበላል ወይም ይመጣል አይልም። የሚናገረው ሊጠበቅ ስለሚገባው ነገር ነው።

3. ሞዴስ፦ የንግድ ስም የወል ስም ሲሆን

በከተማና በገጠር የሚነገረው ስም ግን የንጽሕና መጠበቂያ አይደለም፤ ሞዴስ ነው። ሞዴስ በ1920ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው ድርጅት ለገበያ ያቀረበው የጨርቅ ምትክ መቀበያ የንግድ ስም ነበር። ከእሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1920፣ ኪምበርሊ ክላርክ የተባለው ድርጅት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለቁስል መሸፈኛ ይውል ከነበረው ከእንጨት የተሠራ መጣጭ ነገር ኮቴክስ የሚባለውን መቀበያ መሸጥ ጀምሮ ነበር።

ከሞዴስ የገበያ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅም አንድ ሁኔታ አለ። በ1928 ድርጅቱ በመጽሔት ማስታወቂያዎቹ ላይ ተቆርጦ የሚወጣ ትንሽ ወረቀት ያትም ነበር። ገዢዋ ወረቀቱን ቆርጣ ለሻጩ ትሰጠዋለች፤ ሻጩ አንብቦ ዕቃውን ይሰጣታል፤ ከሁለቱ አንዳቸውም ቃል አይተነፍሱም። በኢትዮጵያ ሱቆች ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ጋዜጣ ወይም ጥቁር ፌስታል ነው። ባለሱቁ ሞዴሱን ጠቅልሎ ያቀብላል፤ ገዢዋም ሳትናገር ትወጣለች። ሁለቱም ልማዶች ዕቃውን እንዲሸጥ አድርገዋል፤ ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ ስለ ዕቃው መጠየቅና መመለስ አልተለመደም።

የንግድ ስም የወል ስም መሆኑ በአማርኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ማንኛውም የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ኦሞ፣ ማንኛውም የጥርስ ሳሙና ኮልጌት ሲባል እንሰማለን። የሞዴስ ጉዳይ ከእነዚህ የሚለየው የስሙ ባለቤት የሆነው ምርት በተወለደበት አገር ከገበያ ከወጣ በኋላም ስሙ በአማርኛ መኖሩን በመቀጠሉ ነው። ዛሬ ሞዴስ ስንል የኢትዮጵያን ፋብሪካ ምርትም፣ ከውጭ የሚመጣውንም፣ ታጥቦ የሚያገለግለውንም ጭምር ማለታችን ነው። በመቀሌ ፍሬወይኒ መብራህቱ ያቋቋሙት ማርያም ሳባ የተባለው ፋብሪካ የሚሠራው ታጥቦ የሚደጋገም መቀበያም በተጠቃሚዎች አፍ ያው ሞዴስ ነው። ፍሬወይኒ በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው የተመረጡት በዚሁ ሥራቸው ነው።

የወል ስሙ ጥቅም ግልጽ ነው፤ አጭር ነው፣ አያሳፍርም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ጉዳቱ ልዩነትን መደምሰሱ ነው። ከውጭ የሚደረግና ወደ ውስጥ የሚገባ፣ የሚጣልና የሚታጠብ፣ ብዙ የሚመጥና ጥቂት የሚመጥ ዕቃ በአንድ ስም ሲጠሩ፣ የአንዱ የአጠቃቀም ልማድ ሳይታሰብ ወደ ሌላው ይሻገራል። ከውጭ በሚደረግ ሞዴስ ላይ «እስኪሞላ ልጠብቅ» ማለት ከመቆሸሽ፣ ከሽታና ከቆዳ መላላጥ ያለፈ ጉዳት እምብዛም የለውም። ይህን ልማድ ወደ ታምፖን ማሻገር ግን ሕይወትን ሊያስከፍል ይችላል።

4. ታምፖን፦ ውታፍ ያልተባለው ውታፍ

ታምፖን የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ፍቹ ቀዳዳ መድፈኛ፣ ማለትም ውታፍ ነው። ሐኪሞች ቃሉን ደም ለማቆም ወደ ቁስል ለሚከተት የተጠቀለለ ጥጥ ይጠቀሙበት ነበር። የዛሬውን ዕቃ መልክ ያስያዘው ኧርል ሃስ የተባለ የኮሎራዶ ሐኪም ነው። ሃስ በ1931 የፈጠራ መብት ጠይቆ በ1933 ተፈቀደለት። ሐሳቡ የተጨመቀ ጥጥን በሁለት የወረቀት ቱቦዎች አማካይነት፣ በእጅ ሳይነካ፣ ወደ ውስጥ ማስገባት ነበር። መብቱን ገርትሩድ ቴንድሪች የተባለች ሴት ገዝታ ማምረት ጀመረች፤ ታምፓክስ የሚለው የንግድ ስምም ከዚሁ ተነሣ።

ሁለተኛው ዓይነት ከጀርመን የመጣ ነው። በ1950 ለገበያ የቀረበው ኦ.ቤ. ስሙ የሁለት ጀርመንኛ ቃላት ምሕጻረ ቃል ሲሆን ፍቹ «ያለ መቀበያ ጨርቅ» ነው። ቅርጹን በማዘጋጀት ጁዲት ኤሰር ሚታግ የተባለች የማሕፀን ሐኪም ተሳትፋለች። ማስገቢያ ቱቦ የለውም፤ በጣት የሚገባ ነው። ይህ ልዩነት ዛሬም ገዢን ይመለከታል። ቱቦ የሌለው ዓይነት ማሸጊያው ትንሽ፣ ቁሳቁሱም ጥቂት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ይረክሳል። በምትኩ ከማስገባት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብን አጥብቆ ይጠይቃል፤ ቱቦ ላለውም ቢሆን መታጠቡ አይቀርም።

በአማርኛ ይህን ዕቃ ምን እንበለው? በፍች ረገድ ከፈረንሳይኛው ጋር ቁልጭ ብሎ የሚገጥመው ውታፍ ነው። ወተፈ ከሚለው ግስ የወጣ፣ ጥንታዊና ሁሉም የሚያውቀው ቃል ነው። ነገር ግን ውታፍ የሚያስታውሰው የጋንና የእንስራ አፍን ነው። ውታፍ ነቃይ የሚለው ስድብም ሲጠራ ከኋላው ይከተላል። ከዚህም በላይ ውታፍ የሚደፍን እንጂ የሚመጥ ነገር አይደለም፤ ደፍኖ የቆየ ነገር ደግሞ በልማዳችን እስኪነቀል ድረስ እንዳለ የሚቀመጥ ነው። ስለዚህ በትርጉም ትክክል የሆነው ቃል በአጠቃቀም ላይ የተሳሳተ ምስል ይሰጣል። ታምፖን የሚለው የውሰት ቃል ባዶ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ፍቹን በማብራሪያ መሙላት ይቻላልና። የዚህ ጽሑፍ ምርጫም ታምፖን የሚለውን ይዞ «ወደ ውስጥ የሚገባ የደም መምጠጫ» ከሚል አጭር መግለጫ ጋር ማስቀመጥ ነው።

5. የ1980 አደጋና የቃላቱ ድርሻ

በ1978 ጄምስ ቶድና ባልደረቦቹ በዴንቨር በልጆች ላይ የታየ አንድ ከባድ ሕመም ገለጹ። ታማሚዎቹ ወንዶችም ሴቶችም ነበሩ። መንሥኤው ስታፊሎኮከስ ኦውሬየስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ነበር። ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ በፀሐይ እንደተቃጠለ ቆዳ ያለ ሽፍታ፣ የደም ግፊት መውደቅና ራስን መሳት የሕመሙ ምልክቶች ነበሩ። ስሙንም ቶክሲክ ሾክ ሲንድረም አሉት።

በዚያን ጊዜ ሕመሙን ከታምፖን ጋር ያያያዘው ሰው አልነበረም። በ1980 ግን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከላት ሪፖርት ከተደረጉለት 890 ታማሚዎች ውስጥ 812ቱ ሕመሙ የጀመራቸው በወር አበባ ጊዜ መሆኑ ታወቀ። ጥናቶች ብዙ ወደሚመጡ ታምፖኖች አመለከቱ፤ በተለይም ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ወደ ሠራው ሪላይ። ሪላይ እንደ ቀድሞዎቹ በጥጥ ላይ የተመሠረተ አልነበረም፤ የፖሊስተር ስፖንጅና ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ የተባለ እጅግ ብዙ ውኃ የሚይዝ ነገር በከረጢት የያዘ ነበር። በመስከረም 1980 አምራቹ ምርቱን ከገበያ ሰበሰበው።

ስሙን ልብ ማለት ይገባል። ሪላይ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ነው፤ በአማርኛ «ተማመኚ» እንደማለት ነው። ተጠቃሚዋ ዕቃውን እንድትረሳው የሚጋብዝ ስም ነበር። አደጋው ደግሞ በመርሳት ውስጥ ነበር፤ ብዙ የሚመጥ ነገር ቶሎ ስለማይሞላ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ባክቴሪያው መርዙን ለማምረት ኦክስጅን ይረዳዋል፤ ታምፖን ሲገባም በውስጡ የያዘው አየር አብሮ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን መርዝ የሚከላከል አቅም በደሙ ውስጥ አለው፤ የሌላቸው፣ በተለይም ወጣት ሴቶች፣ ለአደጋው ይጋለጣሉ።

ከዚያ በኋላ የተካሄደው ክርክር ለቋንቋ ተመራማሪ ትምህርት አለው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1982 ማሸጊያዎች ስለ ሕመሙ ማስጠንቀቂያ እንዲይዙ አዘዘ። ማስጠንቀቂያው ተጠቃሚዋ የሚያስፈልጋትን ዝቅተኛውን የመምጠጥ አቅም እንድትመርጥ ይመክር ነበር። ምክሩ ግን ሊፈጸም የሚችል አልነበረም። ሬጉላርና ሱፐር የሚሉት ቃላት በየድርጅቱ የተለያየ ልክ ነበራቸውና የአንዱ ሬጉላር ከሌላው ሱፐር ይበልጥ ሊመጥ ይችል ነበር። ዝቅ ያለውን መርጣ የገዛች ሴት ሳታውቀው ከፍ ያለውን ልትይዝ ትችል ነበር ማለት ነው። የቦስተን የሴቶች ጤና መጽሐፍ ማኅበር አባል የነበረችው ኤስተር ሮም ከሌሎች የሸማቾች ተወካዮች ጋር ቃላቱ በሁሉም ድርጅት አንድ ልክ እንዲኖራቸው ለዓመታት ተከራከረች።

ሕጉ በ1989 ወጥቶ በ1990 በሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ እስከ 6 ግራም የሚመጥ ታምፖን ጁኒየር፣ ከ6 እስከ 9 ግራም የሚመጥ ሬጉላር፣ ከ9 እስከ 12 ሱፐር፣ ከ12 እስከ 15 ሱፐር ፕላስ ተባለ። በ2000 ከ15 እስከ 18 ግራም ላለው አልትራ የሚል ስም ተጨመረ። በ2004 ደግሞ ጁኒየር የሚለው ላይት፣ ማለትም «ቀላል» በሚል ተተካ፤ ጁኒየር የልጃገረዶች ብቻ ያስመስል ነበርና፤ ፈሳሿ ጥቂት የሆነ ሴት በማንኛውም ዕድሜ ልትመርጠው ይገባል።

ውጤቱ የተገኘው በሕጉ ብቻ አይደለም። እጅግ ብዙ የሚመጡት ምርቶች ቀደም ብለው ከገበያ እየወጡ ነበር፤ በ1980 ከታምፖን ተጠቃሚዎች 42 በመቶው ይጠቀሙባቸው የነበሩት በ1986 ወደ 1 በመቶ ወርደዋል። በ1989 ከወር አበባ ጋር የተያያዘው ሕመም ሪፖርት 45 ብቻ ነበር። ነገር ግን ገበያው መልሶ እንዳይንሸራተት የያዘው ቃልና ግራም በአንድ ላይ መታሰራቸው ነው።

6. ቃላቱ ወደ አማርኛ ሲሻገሩ

አሁን ወደ ራሳችን ማሸጊያ እንምጣ። አንድ አስመጪ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በአማርኛ አስተርጉሞ ቢለጥፍ ቢያንስ አራት ቦታ ላይ ይወድቃል።

የመጀመሪያው ሱፐር ነው። በአማርኛ ንግግር ሱፐር የጥራት ቃል ነው፤ «ምርጥ» ማለት ነው። ሬጉላር ደግሞ በአብዛኛው የሚታወቀው ከቀን ተማሪ ጋር ነው፤ ከዚያ ቢያልፍ «ተራ» ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ማሸጊያ ጎን ለጎን ያየች ገዢ ሱፐር የተባለው የተሻለ፣ ሬጉላር የተባለው ያነሰ ጥራት እንዳለው አድርጋ ትረዳለች። ገንዘቧ የሚያጥራት ከሆነማ ሱፐሩ ረጅም ሰዓት ስለሚያገለግል «ይበረክታል» ብላ ትመርጠዋለች። ይህ ምርጫ ለማንኛውም ሌላ ዕቃ ብልህነት ነው፤ ለዚህ ዕቃ ግን የ1980ን ስሕተት መድገም ነው። የመፍትሔው ቃል የመጠን መሆን አለበት፦ አነስተኛ መምጠጥ፣ መካከለኛ መምጠጥ፣ ከፍተኛ መምጠጥ፣ በጣም ከፍተኛ መምጠጥ፤ ከየአንዳንዱ ጋር ግራሙ በአኃዝ። በብዙ የአውሮፓ ማሸጊያዎች ላይ የሚታዩት የጠብታ ምልክቶች ማንበብ ለማትችለውም ያገለግላሉ፤ ጠብታው ባነሰ ቁጥር የሚመጠው ያንሳል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። የእንግሊዝኛው መመሪያ ታምፖኑ በየ4 እስከ 8 ሰዓት እንዲቀየርና ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ያዛል። በአማርኛ ሰዓት የሚለው ቃል የጊዜ ርዝመትንም የቀን ውስጥ ነጥብንም ይጠራል። «እስከ 8 ሰዓት ይቆያል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ፍች ይሸከማል። ከማታው 3 ሰዓት ላይ ያስገባች ሴት «8 ሰዓት» የሚለውን የነገው ከሰዓት በኋላ አድርጋ ብትረዳው 17 ሰዓት ታቆየዋለች። «ለ8 ሰዓታት» ማለት ይሻላል፤ በብዙ ቁጥሩ ርዝመትን ያመለክታልና። ከሁሉ የሚሻለው ግን በምሳሌ ማሳየት ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የገባ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳያልፍ ይውጣ።

ሦስተኛው ድንጋጤ ነው። ሾክ የሚለው ቃል በሕክምና የደም ዝውውር ተዳክሞ የሰውነት ክፍሎች ደም ማጣታቸውን ያመለክታል። ቃል በቃል ሲተረጎም «የመርዛማ ድንጋጤ ሕመም» ይሆናል። ድንጋጤ ግን በእኛ ዘንድ የልብ ነገር ነው። ሰው ደንግጦ ሊታመም እንደሚችል ስለሚታመንም አንባቢዋ ምክንያቱን በመደንገጧ ውስጥ ትፈልገዋለች፤ የደነገጠን ሰው ደግሞ ያረጋጉታል እንጂ ወደ ሆስፒታል አይሮጡበትም። ስሙን በውሰት ትቶ ምልክቶቹን በቀጥታ መናገር ይሻላል። ሕይወት የሚያድነው የሕመሙን ስም ማወቅ ሳይሆን ትኩሳቱን፣ ማስመለሱንና ሽፍታውን ከታምፖኑ ጋር ማያያዝ ነውና።

አራተኛው ንጽሕና ነው። የንጽሕና መጠበቂያ የሚለው የመሥሪያ ቤት ስምና ክብረ ንጽሕና የሚለው የድንግልና ስም አንድ ቃል ይጋራሉ። ከውጭ በሚደረገው ዕቃ ላይ ይህ መጋራት ችግር አይፈጥርም። ወደ ውስጥ በሚገባው ላይ ግን ሁለቱ ፍቾች ይጋጫሉ፤ ንጽሕናን ይጠብቃል የተባለው ዕቃ ንጽሕናን ያጠፋል ተብሎ ይፈራል። ከሕክምና አንጻር ታምፖን ድንግልናን አይወስድም። በብልት መግቢያ ላይ ያለው ስስ ሥጋ ቀድሞውኑ የወር አበባ የሚወጣበት ክፍተት ያለውና የሚለጠጥ ነው፤ መልኩም ከሰው ሰው ይለያያል። እናትና ልጅ በጉዳዩ ላይ የየራሳቸውን አቋም መያዝ ይችላሉ፤ ነገር ግን በአንድ ቃል ሁለት ፍች ምክንያት ሊጣሉ አይገባም። ከዚህም ሌላ ንጽሕና የሚለው ስም ውስጡ መታጠብና ሽቶ መቀባት ያለበት ያስመስላል። ብልት ውስጡን በራሱ ያጸዳል፤ ሽቶ ያለው ታምፖንም ሊያስቆጣ ስለሚችል ሽቶ የሌለውን መምረጥ ይመረጣል።

7. ርካሽ ማለት ምን ማለት ነው

ስለ ዋጋ ስንናገር ቃሉን እንደገና መመዘን ያስፈልጋል። በሱቅ የሚታየው የእሽጉ ዋጋ ነው፤ እውነተኛው ዋጋ ግን የሚታወቀው በፍሬው ቁጥርና በሰዓቱ ልክ ነው። ሌሊትም ቀንም ታምፖን ብቻ የምትጠቀም ሴት ቢያንስ በቀን 3፣ በ5 ቀን 15 ፍሬ ያስፈልጋታል። ፈሳሹ ሲበረታ ከዚህ ይበልጣል። ለ16 የንቃት ሰዓታት ብቻ የምትጠቀም ከሆነ በቀን 2፣ በ5 ቀን 10 ይበቃታል፤ ሌሊቱን በሚታጠብ ወይም በሚጣል ሞዴስ ታሳልፋለች። ይህ ወጪን ይቀንሳል፤ በእንቅልፍ ምክንያት ከ8 ሰዓታት የማለፍንም ስጋት ያስቀራል።

ይህን ቁጥር መግዛት የማይቻል ከሆነ ታምፖን ለዚያች ሴት ርካሽ ዕቃ አይደለም። በጥንቃቄ ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ ጨርቅ ወይም ሞዴስ ይሻላታል። ዋጋን ለመቀነስ ሲባል ታምፖኑን ማቆየት፣ አጥቦ መልሶ ማስገባት ወይም ቁራጭ ጨርቅና ጥጥ በቤት ጠቅልሎ ወደ ውስጥ መክተት አይገባም። ጨርቅ ለውጭ መቀበያነት ዘመናትን ያገለገለ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሊበጣጠስ፣ ሊቀርና ባክቴሪያ ሊያራባ ይችላል።

በመንግሥት ደረጃም ዋጋ ከቃል ጋር ይያያዛል። ኬንያ በ2004 በመቀበያዎች ላይ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ አንሥታለች። እንዲህ ያለ ሕግ በሚረቀቅበት ጊዜ የዕቃው ስም የሚያካትተውና የሚያስቀረው ነገር ማን እንደሚጠቀም ይወስናል። በአማርኛ ሕግ ላይ ሞዴስ ተብሎ ሊጻፍ አይችልም፤ የንጽሕና መጠበቂያ የሚለውም ሳሙናን እንኳ ሊጨምር የሚችል ሰፊ ስም ነው።

8. የማሸጊያ ጽሑፍ ረቂቅ

ከላይ የተባለውን መሠረት በማድረግ የሚከተለው ጽሑፍ ለውይይት ቀርቧል። በማሸጊያ ላይ አንባቢዋን «አንቺ» ማለት ለእናቶች ድፍረት፣ ለልጆች ደግሞ ተግሣጽ ሊመስል ስለሚችል የአክብሮቱ «እርስዎ» ተመርጧል፤ ይህም ከመድኃኒት መመሪያዎች ልማድ ጋር ይስማማል።

ታምፖን፦ ወደ ውስጥ የሚገባ የደም መምጠጫ። መካከለኛ መምጠጥ፣ ከ6 እስከ 9 ግራም።

ለፈሳሽዎ የሚበቃውን ዝቅተኛውን ይምረጡ፤ ከፍተኛ ማለት የተሻለ ጥራት ማለት አይደለም። ከ4 ሰዓታት በኋላ ሲያወጡት ደረቅ ከሆነና ለማውጣት ካስቸገረዎ ዝቅ ያለውን ይጠቀሙ። ከማስገባትዎ በፊትና ካወጡ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ክሩ ከውጭ መቅረቱን ያረጋግጡ። በየ4 እስከ 8 ሰዓታት ይቀይሩ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የገባ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳያልፍ ይውጣ። አንዱን ሳያወጡ ሌላ አያስገቡ፤ የመጨረሻውን ማውጣትዎን አይርሱ። ደም በማይፈስበት ጊዜ አይጠቀሙ። ከወሊድ በኋላ ሐኪም ሳያማክሩ አይጠቀሙ። አንዱን ከአንድ ጊዜ በላይ አይጠቀሙ። በታምፖን ሳሉ ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ሽፍታ ወይም ራስን መሳት ከተሰማዎ ታምፖኑን ወዲያው አውጥተው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ታምፖን እየተጠቀሙ እንደነበርም ለሐኪሙ ይንገሩ።

9. መደምደሚያ

የእነዚህ ስሞች ታሪክ ሲታይ ዕቃውን ራሱን ላለመጥራት ብዙ ብልሃት የፈሰሰበት ታሪክ ነው። የመርገም ጎጆ፣ ተቆርጦ የሚሰጠው ወረቀትና ጥቁሩ ፌስታል በየዘመናቸው ይህንኑ ዝምታ አገልግለዋል። ከውጭ ለሚደረግ መቀበያ ዝምታው የሚያስከፍለው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ኀፍረት ነበር። ወደ ውስጥ ለሚገባው ግን ዋጋው ከዚያ ይበልጣል፤ የሚቆይበትን ሰዓትና የሚመጠውን ግራም በቃል መናገር ግድ ነውና። እንግሊዝኛ ሱፐር የሚለውን ቃል ከግራም ጋር ለማሰር ከ1980 እስከ 1990 ዐሥር ዓመት ፈጅቶበታል፤ በእነዚያ ዓመታት የሞቱ ሴቶች ነበሩ። አማርኛ ያንን መንገድ ከመጀመሪያው የሚጀምርበት ምክንያት የለውም። በአካባቢያችን ቋንቋዎች ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በኪስዋሂሊ ተመሳሳይ ረቂቆችን ቢያዘጋጁና በተጠቃሚዎች ፊት እያስነበቡ ቢፈትኑ፣ የሰዓቱና የሾኩ ወጥመድ በየቋንቋው የት እንደተቀመጠ ማወቅ ይቻላል። በኪስዋሂሊም የቀኑ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነውና ፍተሻው ከዚያ ቢጀምር መልካም ነው።